በዜሮ ማርሽ ዓባይ በረሃን አይወርዱም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ ባሕር ዳር ያለችው የአክስቴ ልጅ ላከችልኝ። ቀጥሎ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ጎረቤቴ። በሦስተኛው ቡሬ ያለ የድሮ ወዳጄ «ይቺን አንብባት፣ ያንተ ነገር ናት» ብሎ ላከው። ርእሱ «የመኪናዎን ነዳጅ በግማሽ የሚቀንሱ ዘዴዎች» ይላል። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። የኛው አገር ሰው መሆናቸው ግን ያስታውቃል። የዓባይን ቁልቁለት፣ የማርቆስን የጠዋት ብርድ፣ የገበያ ቀኑን ግርግር አሳምረው ያውቁታል።

ለምን እንደዞረ ይገባኛል። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር 100 ብር አለፈ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ ያለችንን ቪትዝ፣ ያለችንን ኮሮላ፣ ያቺን የማትሞት ዲኤክስ አቅፈን ልንከርም ነው። ማደያ ላይ ሲጠፋ ደግሞ ጥግ ላይ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን እናሸታለን። በዚህ መሀል «በግማሽ» የሚል ሰው ሲመጣ ማን ጆሮውን ይነፍጋል?

እኔ ከመሪ ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ጽሑፉን ሳነብ ራሴን የነቀነቅኩባቸው ቦታዎች አሉ። ልብሴን ልቀድ የደረስኩባቸውም አሉ። አንዱ ምክር ሰው ይገድላል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በርእሱ ልጀምር። ሞተር ውስጥ ከሚነደው ቤንዚን ወደ ጎማ የሚደርሰው ጉልበት ሩብ ቢሆን ነው፤ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። የቀረው በራዲያተርና በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ያን ደግሞ እኔም እርሳቸውም በእግራችን አንለውጠውም። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው ምክር፣ እየተጣደፉ መንዳትና ፍሬን መደብደብ በረጅም መንገድ ከ15 እስከ 30 በመቶ ነዳጅ ያባክናል ይላል። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ግማሽ ግን አይደለም። ያውም የሚሠራው እስከ ዛሬ እንደ እብድ ሲነዳ ለኖረ ሰው ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ማርሹን ዜሮ አድርገው ይውረዱ፤ የሚችሉ ሞተሩን ያጥፉት፤ መንገዱን በነጻ ይጨርሱታል» ይላሉ ጸሐፊው።

ይህን ምክር የሰጡት በቅን ልብ ነው። ድሮም ሾፌሮቻችን ያደርጉት ነበር፤ አሁንም የሚያደርጉ አሉ። አመክንዮው ቀላል ይመስላል፤ ሞተሩ ካልጎተተ ነዳጅ አይበላም። ችግሩ ዛሬ የምንነዳቸው አብዛኞቹ መኪኖች ነዳጅ የሚረጩት በኮምፒውተር መሆኑ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። ኮምፒውተሩም ይህን አይቶ ነዳጁን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ጠብታ አይገባም። ዜሮ ማርሽ ስታስገቡ ግን ጎማውና ሞተሩ ተለያዩ። ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን መመገብ አለበት። ትንሽ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ዝም ብሎ ሲሠራ፣ በሰዓት ከ0.6 እስከ 0.8 ሊትር ያህል ይጠጣል። ከደጀን ድልድዩ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ40 ብትወርዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በዜሮ የወረደው ሰው 0.3 ሊትር አቃጥሎ ይደርሳል። በማርሽ የወረደው ያቃጠለው ከምንም አይቆጠርም። ቆጠብኩ ያለው ከሰረ።

እውነቱን ላለመደበቅ ሁለት ነገር ልመን። ካርቡራተር (ያለ ኮምፒውተር ነዳጅና አየር የሚቀላቅል የድሮ ዕቃ) ያላት ዲኤክስ ወይም ላዳ ይህ መዝጊያ የላትም፤ በማርሽ ስትወርድም ነዳጅ ትስባለች። ደግሞ ለጥ ባለ፣ በጣም ስስ በሆነ ቁልቁለት ዜሮ ማርሽ መኪናን ራቅ አድርጎ ያንሸራትታል፤ ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ግን ይይዛታል። ይህ በወረቀት ላይ ልክ ነው። ዓባይ በረሃ ግን ስስ ቁልቁለት አይደለም።

እስቲ እናስላው። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ከነተሳፋሪዋ 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና ይህን ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 15 ሚሊዮን ጁል አካባቢ ነው። በሰው ቋንቋ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ጣድ አድርጎ የሚያፈላ ሙቀት ማለት ነው። ከዚህ ላይ ነፋሱና ጎማው የተወሰነ ይካፈላሉ። የቀረው የሚሄድበት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ አራቱ ፍሬኖች። ዜሮ ማርሽ ካደረጋችሁ ሞተሩን አሰናብታችሁታል። ከጀሪካኖቹ የቀረው በሙሉ የሚፈላው ፍሬናችሁ ላይ ነው።

የፍሬን ዘይት ደግሞ መጠን አለው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን በ205 ዲግሪ ይፈላል። ለዓመታት ሳይቀየር ኖሮ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉን ትረግጡታላችሁ፤ እግራችሁ ወለል ይነካል፤ መኪናዋ ትሄዳለች።

ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በአንድ ወዳጄ መኪና ተሳፍሬ እሄድ ነበር። ደጀንን እንዳለፍን ማርሹን ወደ ዜሮ ሰደደው። «ምን እያደረግህ ነው?» ስለው «ቁጠባ ነዋ!» አለኝ እየሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መንገዱ መሀል ላይ ስንደርስ አንድ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ጸጉርና የተቃጠለ ላስቲክ አንድ ላይ ብትቀላቅሉት ያን ሽታ ያመጣል። መጀመሪያ ከፊታችን ያለው አይሱዙ መስሎን ነበር። ቀጥሎ የወዳጄ ፊት ተለወጠ። ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጥ አየሁት። ኋላ የተቀመጡት እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ውዳሴ ማርያማቸውን ጀመሩ፤ ማንም ምንም አልነገራቸውም። ማርሽ ሊያስገባ ሲል እንቢ አለው፤ ጎማው ፈጥኖ ሞተሩ ቀርቷል። በስንት መከራ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ሦስተኛ ገባለት። ሞተሩ ጮኸ። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ የእጅ ፍሬን። ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ይዘን ቆምን። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ዝንጀሮዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ወዳጄ ውሃ ሊደፋበት ሲሮጥ ያዝኩት፤ የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፉበት ይሰነጠቃል። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን አቀዘቀዝነው። ያን ቀን የተቆጠበው ነዳጅ የት እንደገባ እግዜር ይወቅ።

ሞተሩን አጥፉ የሚለውንማ አንስቼ ባልጨርሰው ይሻለኛል። ሞተር ከጠፋ ፍሬን የሚያግዘው ጉልበት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። መሪው ይከብዳል። ቁልፉን ነቅላችሁ ከሆነ ደግሞ መሪው ጭራሽ ሊቆለፍ ይችላል። ያውም ከሥራችሁ ገደል እያለ።

የድሮ ሾፌሮች አንድ ሕግ አላቸው፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። አውቶማቲክ ከሆነች ማንሻውን ወደ ኤል ወይም ወደ 2 አውርዱት። ፍሬን በየቦታው ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁት እንጂ ተጣብቃችሁበት አትውረዱ።

«ነዳጅ ቆጣቢ ሾፌር ከ40 አያልፍም» የሚል ነጥብም አለ።

ፍጥነት ነዳጅ እንደሚበላ እውነት ነው። የነፋሱ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ይጨምራል፤ 100 ላይ ያለው ግፊት 50 ላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። ግን በዝግታም ወሰን አለው። ሞተሩ ለራሱ የሚበላው ቋሚ ቀለብ አለ። ጊዜው ሲረዝምበት ቀለቡም ይረዝማል። አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች የሚመቻቸው ከ60 እስከ 80 ባለው፣ በላይኛው ማርሽ፣ ሳይዋዥቁ ሲሄዱ ነው። ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም በ40 እየተንፏቀቁ ኋላችሁ ሰባት አባዱላ ማስከተል ቁጠባ አይደለም። ጥሩንባ መስማት ነው።

ጸሐፊው «ሁልጊዜ በትልቅ ማርሽ ይንዱ» ያሉትም ለሜዳ ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጡ በአራተኛ ብታስጨንቋት ሞተሯ ይንቀጠቀጣል። እናንተም ነዳጅ መስጫውን ወለል ድረስ ትረግጡታላችሁ። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በወረቀት 87 ፈረስ የተባለችው መኪና ማርቆስ ላይ ወደ 65 ፈረስ ናት። ስለዚህ ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ መቀነስ ነውር የለውም።

እውነተኛው ቁጠባ ያለው ጸሐፊው በአንድ መስመር ያለፉት ቦታ ላይ ነው። «ፍሬን አያብዙ» ብለው ሄደዋል። እኔ ቢሆን ገጹን በሙሉ እሰጠው ነበር። አንድ 1,200 ኪሎ መኪና በ80 ስትሄድ የያዘችው ጉልበት ከ30 ሚሊ ሊትር ትንሽ በሚበልጥ ቤንዚን የተገዛ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሞልቶ የሚተርፍ። ፍሬን ረግጣችሁ በቆማችሁ ቁጥር ያን ማንኪያ ለፍሬን ሸራ አጎረሳችሁት። በብር ከሦስት በላይ ነው። ከማርቆስ ባሕር ዳር ስንት ጊዜ እንደምትቆሙ አስቡት። አማኑኤል ላይ ጉብታ፣ ደምበጫ ላይ ባጃጅ፣ ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ አህዮች፣ ዳንግላ ላይ የገበያ ሰው፣ መራዊ ላይ ኬላ።

መፍትሔው ዝግታ አይደለም። ርቆ ማየት ነው። ጉብታው 200 ሜትር ላይ ሲታያችሁ እግራችሁን አንሱ፤ ማርሽ ውስጥ ሁኑ። ነዳጁ ተዘግቶ መኪናዋ ራሷ ትዘገያለች። ጉብታው ጋ ስትደርሱ ፍሬን ጫፉን መንካት ብቻ ይበቃል። ብዙዎቻችን እስከ ጉብታው አፍንጫ ድረስ ነዳጅ እንሰጣለን፤ ከዚያ እንደ በግ ግጭት ድም! ከዚያ እንደገና ነዳጅ። ከፊት የሚሄደው አይሱዙ ላይ ተለጥፎ መንዳትም ያው ነው፤ እሱ በነካው ቁጥር እናንተም ትነካላችሁ። ራቅ በሉለት።

አሁን ደግሞ ልቤን ያቃጠለኝ ነጥብ። «ቴርሞስታቱን ያስወጡት፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ነዳጅ ይቀንሳል» ይላሉ።

ተገላቢጦሽ ነው። ለማያውቀው ሰው ቴርሞስታት ማለት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያለች ትንሽ የሙቀት በር ናት። ውሃው 82 ወይም 88 ዲግሪ እስኪደርስ ተዘግታ ሞተሩን ቶሎ ታሞቀዋለች። ሲሞቅ ትከፈትና ውሃው ወደ ራዲያተር ያልፋል። ስትነቀል ውሃው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዞራል። ማርቆስ ጠዋት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሞተሩ ጭራሽ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ስለሚያስብ ነዳጅ አብዝቶ ይረጫል። ዘይቱ ወፍሮ ይቀራል። ነዳጅም ይበላል፣ ሞተርም ይበላል።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። መኪናዬ ውሃ እያፈላች ስታስቸግረኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ቀልጣፋ ነው። «ጋሼ፣ ቴርሞስታት ነው፤ ለኛ አገር አያስፈልግም» አለና ነቅሎ ወርውሮ ሰጠኝ። እውነትም ማፍላቷን ተወች። ግን የሙቀት ጌጁ ከታች አልነሳ አለ። ጠዋት ማሞቂያውን ስከፍት ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል። ነዳጁም ጨመረ። እኔ ደግሞ «ቤንዚኑን እየበረዙት ነው» ብዬ ማደያውን ስረግም ከረምኩ። ማደያው ምን በደለ?

በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ቴርሞስታቷን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ምንም ሳይሉ አጠገባቸው ቡና ከምታፈላው ሴት ትንሽ ድስት ተዋሱ። ከሰሉ ላይ ውሃ ጣዱና በሽቦ አንጠልጥለው ከተቷት። ሁላችንም አጎንብሰን እናያለን። ውሃው መፍላት ሳይጀምር ትንሿ ነሐስ ክብ ቀስ ብላ አፏን ከፈተች። «ደኅና ናት እኮ!» አልኳቸው። «ደኅና ናት» አሉ። «ክዳኑን አሳየኝ።» የራዲያተሩን ክዳን አገላብጠው አዩት። ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። «በል ልጄ፣ ያፈላህ ይሄ ነው። ጥፋተኛውን ትተህ ዘበኛውን አባረርከው።»

ነገሩ የኛን አገር ሰው በተለይ ይመለከታል። ማርቆስ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ መቶ አይደርስም። ጤነኛ ክዳን ውሃውን በግፊት ስለሚይዘው ከ110 በላይ ካልሆነ አይፈላም። ክዳኑ ከለቀቀ ግን ሞተሩ በመደበኛ ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ይገነፍላል። ቴርሞስታቷ የምትከፈትበትና ውሃው የሚፈላበት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ናትና። ስለዚህ መኪና ካፈላ መጀመሪያ ክዳኑን፣ ቀጥሎ የራዲያተሩን ዝገት፣ ፋኑን፣ ከዚያ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን መዝጊያ) እዩ። ቧንቧ ውሃ ትታችሁ ኩላንት ሙሉ። ቴርሞስታቷን ተዉአት፤ ሥራ ላይ ናት።

«ጎማውን እስከ 50 ይንፉት፤ የተወጠረ ጎማ ይንከባለላል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። የጎደለ ጎማ ነዳጅ ይበላል። ያው የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው አራቱም ጎማ አንድ ፒኤስአይ (የጌጁ አንድ ቁጥር) ሲጎድል ወደ 0.2 በመቶ ነዳጅ ይጨምራል። አሥር ቢጎድል ሁለት በመቶ ነው። ከልክ በላይ መንፋት ግን ለዚያች ሳንቲም ሲባል ጎማውን መሀል ለመሀል መብላት ነው። ኮብልስቶን ላይ ትዘላለች፤ ክረምት ላይ ፍሬን አትይዝም። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ጎሚስታ ዘንድ ጎራ በሉና ያንን ቁጥር አስሞሉ፤ ጌጁን ራሳችሁ እዩት። ልጁ በልምድ «በቃ ደኅና ነው» ካላችሁ አትመኑት። (አንድ የሚገርም ነገር፤ ደጀን ላይ የሞላችሁት ጎማ ድልድዩ ጋ ሲደርስ፣ ሙቀቱን ትተን፣ ጌጁ ሁለት ያህል ቀንሶ ያሳያል። ጎማው አልተነፈሰም። የውጪው አየር ከበደ እንጂ።)

«ጠዋት 15 ደቂቃ ሳያሞቁ አይንቀሳቀሱ።» ይህ ከአባቶቻችን ካርቡራተር የቀረ ልማድ ነው። የዛሬ ሞተር ግማሽ ደቂቃ፣ በውርጭ ቀን አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በቀስታ መንዳት ራሱ ያሞቀዋል፤ ካምቢዮውንና የጎማውን ኩሽኔታም አብሮ። ሩብ ሰዓት በሚኒሞ ስትቆሙ 0.2 ሊትር ያህል ይሄዳል። በወር ስድስት ሊትር ነው። በራችሁ ላይ ቆማችሁ ከ600 ብር በላይ አጨሳችሁ። ማደያ ሰልፍ ላይም ያው፤ ሰልፉ ካልተንቀሳቀሰ አጥፉት።

ላምባ መቀላቀል። ጸሐፊው «ከአምስት አንድ እጅ ቢጨምሩ ምንም አይልም» ብለዋል። ይላል እንጂ! ላምባ የቤንዚንን ኦክቴን፣ ማለትም ያለጊዜው ያለመንደድ አቅሙን፣ ያወርዳል። ሞተሩ ዳገት ላይ ጠጠር እንደገባበት ቆርቆሮ ይንኳኳል። ያ ድምፅ ያለጊዜው የነደደው ነዳጅ ፒስተኑን ሲመታው ነው። በብርድ ደግሞ ላምባ በደንብ ስለማይተን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ከሊትሩ ያተረፋችሁትን ብር ለመካኒክ ከነወለዱ ትከፍላላችሁ። ሃይላንዱ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚንም ምን እንዳለበት ሻጩ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጸሐፊው ስለመከሩት ማግኔት ብዙ አልልም። የነዳጅ ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ ታንክ ውስጥ የሚጣል ክኒን፣ ከውሃ ጋዝ የሚያወጣ ጠርሙስ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንዲህ ያሉ ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ መሣሪያዎችን ከ100 በላይ ሞክሯል። ጥቂቶቹ ትንሽ ለውጥ አሳዩ፤ አብዛኞቹ ምንም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ሞተር የሚጎዱ ሆነው ተገኙ። ቤንዚን ማግኔት አይስበውም። የውሃው ጠርሙስ ደግሞ ጋዙን የሚያወጣው ከባትሪው፣ ባትሪው ከዲናሞው፣ ዲናሞው ከሞተሩ፣ ሞተሩ ከቤንዚኑ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ጠዋት በብርድ ነዳጅ ይቅዱ፤ ይበዛል።» የማደያው ታንክ መሬት ውስጥ ነው። ጠዋትና ቀትር እዚያ ውስጥ ሙቀቱ ብዙም አይለያይም። ቤንዚን ደግሞ በአንድ ዲግሪ የሚሰፋው ከሺህ አንድ ያህል ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ሰልፉ ያንሳል።

የአየር ማጣሪያ ይቀየር ያሉት ጥሩ ነው። ግን የጠበቁትን ነዳጅ አይቀንስም። ኮምፒውተር ያላት መኪና የገባውን አየር ለክታ ነዳጁን በልኩ ትሰጣለች፤ ማጣሪያው ሲዘጋ ጉልበቷ ነው የሚቀንሰው። ልዩነት የሚታየው በካርቡራተር ነው። የጥርጊያ መንገድ አቧራ የሚበላ ሰው ግን ለሞተሩ ዕድሜ ሲል ቶሎ ቶሎ ይቀይር። ያረጀ ካንዴላም (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው) እንዲሁ፤ አንዱ ሲሊንደር ካልነደደ ቤንዚኑ ሳይሠራ በማርሚታ ይወጣል።

የቀረው የክብደት ነገር ነው። «ትርፍ ጎማውን ሳይቀር ያውርዱ፤ የኋላ ወንበሩን ይንቀሉ» ይላሉ። ትርፍ ጎማ ሳይዝ ዓባይ በረሃ የሚገባ ሰው ልቡ ደኅና ይሁን ብቻ። ክብደት በዳገት ላይ እንደሚያስከፍል እኔም አምናለሁ። ስንት እንደሚያስከፍል ግን እንወቀው። አንድ ኩንታል ጤፍ ከማርቆስ ለልጆቻችሁ ጭናችሁ አዲስ አበባ ስትሄዱ፣ ከድልድዩ ጎሐ ጽዮን ድረስ ያን ኩንታል ለማውጣት የሚያስፈልገው ቤንዚን 0.15 ሊትር አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ብርጭቆ። መኪናዋን ራሷን ለማውጣት የሚሄደው ግን ሁለት ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ጤፉን ያለ ሐሳብ ጫኑት።

ፖርቶ መጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ግን አትጫኑት። ባዶው ፖርቶ መጋላ እንኳ ነፋስ ይይዛል፤ በ80 ስትሄዱ ፉጨቱን ትሰሙታላችሁ፤ ያ ፉጨት ነዳጅ ነው። ጭነት ሲቀመጥበት ይብሳል። የማትጠቀሙበት ከሆነ አራት ብሎን ናት፣ ፍቱትና ጓሮ አስቀምጡት። ኩንታሉን የኋላ ኮፈን ውስጥ አጋድሙት።